ከሶማሌ ተራ እስከ ዝዋይ፦ አዲስ ዘፈን በአሮጌ ቴፕ

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ መኪና ቴፕ ነው። "ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ሲወራ በነበረበት ገጽ ቴፕን ምን አመጣው?" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ግዴላችሁም፣ ትንሽ ታገሱኝ። ዝዋይ ስንደርስ መልሱን ታገኙታላችሁ።

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያረጃል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ከዚያም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚያ ላይ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ በእጅ ያለች አሮጌ መኪና ክብሯ ጨምሯል። የኤሌክትሪኳን መግዛት ያልቻለ ወጣት ያቺኑ የአባቱን ኮሮላ እያባበለ ይነዳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? መኪናዋ ሌላው ሁሉ ቢሟላላት አንድ ነገር ይጎድላታል፤ ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ! የዛሬ ልጅ ዘፈኑን የሚይዘው በስልኩ ነው። የመኪናዋ ቴፕ ደግሞ የሚያውቀው ካሴት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል። ወይ ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ "ድምፁን አጎላሁት" ብሎ ራሱን ማታለል፣ ወይ ቴፑን ነቅሎ ጥሎ ስክሪን ማስገጠም። የለም ወገኖቼ! ሌላም መንገድ አለ። መንገዱም የሚጀምረው ከሶማሌ ተራ ነው።

ካሴት ይበላል ወይስ ይውጣል?

መኪና ያለው ሰው "ሶማሌ ተራን አላውቅም" ቢል የሚያምነው የለም። መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚገኝበት ሰፈር ነው። ስለ ሰፈሩ የሚወራው ቀልድ ራሱ አያልቅም። "ጠዋት ስፖኪዮህ ከጠፋ ከሰዓት በኋላ ሶማሌ ተራ ብቅ በል፣ ራስህን ታይበታለህ" ይባላል። ቀልዱን ለቀልደኞች እንተወውና፣ ሰፈሩ ውስጥ የሌለ የመኪና አካል የለም። ኮፈኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ፍሬቻው ተደርድሯል፣ የተፈታ ዳሽቦርድ ሽቦውን እንደ አንጀት ዘርግፎ ተኝቷል። ከዚህ ሁሉ መሀል የቴፕና የስፒከር ሱቆች አሉ። ሁሉም የየራሱን ዘፈን ስለሚከፍት በመንገዱ ያለፈ ሰው በአንድ ጊዜ አምስት ዘፋኝ ሰምቶ ይወጣል።

እዚያ የወሰደኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ስሙ ይቆየን። ይነዳት የነበረችው ዕድሜዋ ከእሱ የሚበልጥ፣ የአባቱ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ዳሽቦርዷ ላይ ቁጥሩን በመርፌ የሚያሳይ ሬዲዮ ያለው የካሴት ቴፕ አለ። ልጁ ይህን ቴፕ አስነቅሎ ትልቅ ስክሪን ሊያስገጥም ለአንድ ነጋዴ ቀብድ ከከፈለ ሰንብቷል። አባቱ ግን "ቴፑን እንዳትነካው!" ብለዋል። ለምን እንደሆነ አላስረዱም። የኛ አባቶች መቼ ያስረዳሉ?

ስንት ቀን ተጨቃጨቁ መሰላችሁ! ልጁ "አባባ፣ ዘመኑ ተቀይሯል" ይላል። አባትየው ደግሞ "ይሄ ቴፕ ከአንተ ቀድሞ ነው ቤቴ የገባው" ይላሉ። በመጨረሻ እንዲህ ብለው አስታረቁት፦ "መጀመሪያ ዝዋይ ደርሰን እንምጣ። ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።" ልጁ በዚህ ተስማማ። ለመንገዱ ግን ዘፈን ያስፈልገዋልና ቴፑ ሳይነቀል የስልክ ዘፈን የሚያሰማ ዘዴ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ገባን።

ነጋዴው ወጣት ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ወንድሜ፣ ቴፑ ካሴት ይበላል?" አለ። ጓደኛዬ "ይውጣል እንጂ አይበላም" አለው። ሰውየው ስቆ አንድ ካሴት አወጣ። ካሴት ይሁን እንጂ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፣ የሽቦው ጫፍም ልክ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ስልክ ላይ ይሰካል። ዘዴው ቀላል ነው። የመኪናው ቴፕ ውስጥ ካሴት የሚያነብ ሄድ አለ። ሄዱ በተፈጥሮው ዘፈን አያውቅም። የሚያውቀው በፊቱ የሚያልፈው የካሴት ክር ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ ብቻ ነው። ባለ ሽቦው ካሴት ደግሞ ክር የለውም። በክሩ ፈንታ የራሱ ትንሽ ሄድ አለውና ከስልኩ የመጣውን ድምፅ ወደ ማግኔት ለውጥ ቀይሮ ለቴፑ ሄድ ያቀርብለታል። ቴፑም ካሴት የሚያነብ መስሎት ይዘፍናል። እንዲህ ዓይነቱን መታለል ማን ይጠላል?

ታሪኩን ካነሳን አይቀር፣ ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ይህን የምናውቀውን ካሴት ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ኤም ፒ ስሪ የሚለው የፋይል መጠሪያ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀርመን አገር ነው። በመሀላቸው 32 ዓመት አለ። አያትና የልጅ ልጅ እንደማለት ነው። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ውስጥ 86 ሜትር ገደማ ክር ተጠቅልሏል፣ የሚይዘውም ቢበዛ አሥራ ምናምን ዘፈን ነው። ጥፍር የምታህል ባለ 4 ጊጋ ሚሞሪ ግን ወደ አንድ ሺህ ዘፈን ትይዛለች። ልጆቹ "ካሴት አሮጌ ነው" ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ነጋዴው ሁለተኛ ዕቃም አሳየን። ይሄኛው ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ዘፈኑን ከስልኩ በብሉቱዝ ወይም ከፍላሽ ተቀብሎ በኤፍ ኤም ያሰራጨዋል። ባጭሩ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ የኪስ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የሱን ቁጥርና የመኪናችሁን ሬዲዮ ቁጥር አንድ ካደረጋችሁ ዘፈኑ በስፒከሩ ይወጣል። ጓደኛዬ ሁለቱንም ገዛ። ዋጋውን አልጠራላችሁም፤ ሶማሌ ተራ ዋጋ እንደ ፊታችሁ ነው።

የቃሊቲው ጦርነት

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ጓደኛዬ መሪ ይዟል፣ አባትየው ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከዳቦውና ከቡናው ጋር ነኝ። በፍጥነት መንገዱ ሳይሆን በነባሩ መንገድ፣ በቃሊቲ በአቃቂ አድርገን ወጣን። ዲኤክስ መቸኮል አትወድም።

መጀመሪያ የሞከርነው መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ነው። ቃሊቲ ላይ ታዲያ ጦርነት ሆነ! አዲስ አበባ አየሯ ሙሉ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1፣ ሌሎቹም በየመሀሉ አሉ። የኤፍ ኤም ሬዲዮ አንድ ጠባይ አለው። በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ድምፅ ሲመጣበት ጠንካራውን ይይዝና ደካማውን ይውጠዋል። ያቺ የኪስ ጣቢያ ደግሞ ጉልበቷ ጥቂት ሜትር ነው። ባዶ ቁጥር ካልመረጣችሁላት በትልቁ ጣቢያ ትዋጣለች።

ይባስ ብሎ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆመን ሳለ የኛ ዘፈን ድንገት ተቋረጠና መዝሙር ሆነ። አባትየው "ጎሽ! አሁን ገና ደህና ነገር አመጣህ" አሉ። ለካ ከጎናችን የቆመችው ሚኒባስም እንደኛው ዓይነት ዕቃ በዚያው ቁጥር ከፍታ ኖሯል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መዝሙሩም አብሮ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬዲዮው ለጃፓን ገበያ የተሠራ አሮጌ ሬዲዮ ከሆነ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ያለውን ብቻ ነው። የኛ አገር ኤፍ ኤም ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሸገርን ፍለጋ ቢዞር ቢዞር አያገኘውም፣ "ሬዲዮኑ ተበላሽቷል" ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም! የኪሷን ጣቢያ ከ87.5 እስከ 90 ባለው ባዶ ቦታ ላይ ብታደርጉለት ስልካችሁን አጥርቶ ያሰማችኋል። ጣቢያዎቹንም ካስፈለጋችሁ አንቴናው ላይ የሚገባ፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የሚያቀርብ ትንሽ ዕቃ አለ። ቴፕ የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል።

ዱከም ጥብስ ቤቶቿን ዘርግታ ጠበቀችን። አባትየው "ጾም ባይሆን ኖሮ..." ብለው ዝም አሉ። ቢሾፍቱን አለፍን። ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ አዳማ፣ ቀኙ ወደ ዝዋይና ሐዋሳ ነው። ቀኙን ያዝን። የደረቅ ወደቡ ከባድ መኪኖች ከኋላችን ከቀሩ በኋላ አገሩ ለጥ አለ፣ ግራሩ በየቦታው ጥላውን ጣለ፣ ሙቀቱም ጀመረ። የከተማዎቹ ጣቢያዎች አንድ በአንድ እየሳሱ ሄዱ። የኪሷ ጣቢያ ተፎካካሪ ሲቀንስላት ድምፅዋ ጠራ። በግራ በኩል የቆቃ ሐይቅ ብልጭ ሲል አንዲት ኮሽታ እንኳን አልነበረባትም። እሱም ሐይቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ግድብ የአዋሽን ውኃ ስላቆመው ነው። ለካ ያቺ ዕቃ የገጠር ልጅ ናት!

አባት "ይሄ ስልክ ጥላሁን አለው?" አሉ

ዓለም ጤና ስንደርስ ጓደኛዬ ለሁለተኛው ዕቃ ተራ ሰጠው። ባለ ሽቦውን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተው። መጀመሪያ ቴፑ ቀጭ ቀጭ አለና መልሶ ተፋው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሴቱን በሁለቱም በኩል የሚያጫውት ቴፕ የሚሽከረከረው ጥርስ ከቆመበት "ክሩ አልቋል" ብሎ ያስባል፣ ወደ ሌላው ገጽ ይዞራል ወይም ይተፋዋል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ባለ ሽቦ ካሴት ውስጥ ግን ትንንሽ ጥርሶች አሉ። እነሱ እየዞሩ ቴፑን ያታልሉታል። የኛም ጥርስ ነበረው፤ ብቻ ገጹ ተሳስቶ ነው። የገጽ መቀየሪያዋን ቁልፍ ስንጫናት ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ወጣ።

ልዩነቱ ይሰማል። በኤፍ ኤም ሲሆን ድምፁ በአየር ስለሚያልፍ ሽውታ አያጣውም። በሽቦው ካሴት ግን ቅርብ ነው፣ ባሱም ይወርዳል። ጓደኛዬ በደስታ የሰሞኑን ዘፈኖች ተራ በተራ ለቀቃቸው። አባትየው ሦስቱን ታገሱ። አራተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው፣

"ለመሆኑ ይሄ ስልክ ጥላሁን አለው?" አሉ።

"አለው አባባ።"

"ማሕሙድስ?"

"እሱም አለው።"

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞረው ትንሽ አዩትና፣ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው ስትጮህብኝ የከረምከው?" አሉት። ከመቂ እስከ ዝዋይ መኪናዋ የእሳቸው ሆነች። ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን በሳጥን መንገድ ዳር ተደርድሯል። እሳቸው ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ እየመቱ ይሄዳሉ። ልጅየውም ከአፉ ባያወጣውም ግጥሞቹን ሁሉ እንደሚያውቃቸው ከከንፈሩ አየሁት። ከየት ይማራቸዋል? ሕፃን ሳለ በዚችው መኪና፣ በዚሁ ቴፕ ሲሰማቸው ነዋ ያደገው!

ቴፑ የማን ነው?

ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ደረስን። የአባትየው እናት ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቷል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። ጉልበት ስመን፣ ተመርቀን፣ የሁሉም ሰው ጤንነት አንድ በአንድ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ልጃቸውን እጁን ይዘው በቀስታ "ይዘሃታል?" አሉት።

"ይዣለሁ እማዬ" አሉ አባትየው።

እኔና ጓደኛዬ ተያየን። አባትየው እናታቸውን ደግፈው ወደ መኪናዋ ወሰዷቸውና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። በሩን ክፍት ተዉት። ባለ ሽቦውን ካሴት አውጥተው ለልጃቸው ሰጡት። ከዳሽቦርዱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ካሴት አወጡ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "ጅዳ፣ 1979" ይላል። ከቴፑ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ሽው አለ። ከዚያ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መጣ።

ዘፈን አይደለም። ደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ከዓረብ አገር ስልክ መደወል ውድ ነበር፣ ቤተሰብም ስልክ የለው፣ እናትም ማንበብ አይችሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሰው ይልክ ነበር። ልጅቱ የአባትየው ታናሽ እህት ናት። ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራች ሰላም ትላለች። ላሚቱ ወለደች ወይ ትላለች። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀየረ ወይ ትላለች። ለሚመጣው ፋሲካ እንደምትመጣ፣ በግ እንዳይገዙ፣ እሷ ራሷ እንደምትገዛ ትናገራለች። ያ ፋሲካ ግን አልሆነላትም። ታማ እዚያው በሰው አገር አረፈች።

አያትየው አላለቀሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይመልሱላት ነበር። "ተቀይሯል ልጄ፣ ወንድምሽ ነው ያስቀየረው።" "ወለደች፣ ወይፈን ነው የወለደችው።" ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲያልቅ "ተመስገን" አሉና እጃቸውን ለመነሳት ዘረጉ።

የአያትየው የቤት ቴፕ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። ልጅቱ የምትናገርበት የቀረ ቦታ ያ የመኪና ቴፕ ብቻ ነው። አባትየው ለዚህ ነው ዝዋይ በሄዱ ቁጥር ካሴቷን የሚይዙት። ለምን ለልጃቸው እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው "ምን ብዬ ልንገረው?" አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጓደኛዬም ያን ቀን ስለ ስክሪን አላነሳም። አዲስ አበባ ስንገባ ሶማሌ ተራ ሄደና ቀብድ የከፈለበትን ስክሪን በሁለት የበር ስፒከር ለወጠው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነበር። ካሴት ዘላለማዊ አይደለም። ክሩ ይሳሳል፣ ይጣበቃል፣ አንድ ቀን ቴፑ ይበላዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት የሚሠራ የቤት ቴፕ ከሰው ተዋሰ። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተሩ የድምፅ መቀበያ በአንድ ሽቦ አገናኝቶ የአክስቱን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ቀዳው። ለአያትየውም ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ገዝቶ ድምፁን ጭኖ ላከላቸው። አሁን አልጋቸው አጠገብ ናት። ከስልክ ወደ ካሴት መንገድ እንዳለ ሁሉ ከካሴት ወደ ስልክም መንገድ አለ ማለት ነው። የመኪናዋ ቴፕ ግን አልወለቀም። አባትየው "ይቀመጥ" ብለዋላ!

እንግዲህ እናንተስ?

አሮጌ መኪና ለያዛችሁ አንባቢዎቼ የምመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ቴፑን ከማስነቀላችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ። "በዚህ ቴፕ የሚሰማ ሌላ ቦታ የማይሰማ ነገር አለ ወይ?" በሉ። የሠርግ ካሴት ሊሆን ይችላል፣ የአያት ፉከራ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ካለ መጀመሪያ እሱን ቅዱት። የቤት ቴፕ ካጣችሁ መኪናዋን ፀጥ ያለ ቦታ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ከዚያ ስልካችሁን ስፒከሩ አጠገብ አድርጋችሁ ቅረጹ። ጥራቱ ያን ያህል ነው፣ ከምንም ግን ይሻላል። ሞተር ጠፍቶ ብዙ ሰዓት ካጫወታችሁ ባትሪው እንደሚደክም አትርሱ። የቀዳችሁትንም ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ቴፑ ድምፁ የታፈነ ከሆነ አትፍረዱበት። ሄዱ ቆሽሾ ይሆናል። ከፋርማሲ ንጹሕ አልኮል ግዙ፣ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነክራችሁ ሄዱን ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ እስኪደርቅም ጠብቁ። ክሩ የላላ ካሴት ካለም በእስክሪብቶ አዙራችሁ አጥብቁት። ይህን ጥበብ እናትና አባታችሁ ያስተምሯችኋል።

ሦስተኛ፣ ካሴት የሚቀበል ቴፕ ካላችሁ ባለ ሽቦውን ምረጡ። ሬዲዮ ብቻ ከሆነ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ውሰዱ። ስልካችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው፣ ለምሳሌ አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያንን ቀዳዳ ትቶታል፣ ለስልካችሁ የሚስማማውን መቀጠያ ሽቦ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክራችሁ ግዙ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ነው የምላችሁ! ቴፑ በስተኋላው ወይም በፊቱ የድምፅ መቀበያ ቀዳዳ እንዳለውም አስፈትሹ። ካለው ከሁሉ ይሻላል።

አራተኛ፣ የስልኩን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጋችሁ ማጉላትና መቀነሱን በቴፑ አድርጉት። ስልኩን እስከ ጥግ ካጎላችሁት ዘፈኑ ይቀደዳል። ስልኩን ቻርጅ እያደረጋችሁ ስትሰሙ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ከመጣ ስፒከሩ አይደለም። ጣጣው ከኮረንቲው ነው። ቻርጀሩን ንቀሉትና እዩ፣ ዝም ይላል።

አምስተኛ፣ የግድ ልቀይር ካላችሁ ባለ ፍላሽ ቴፕ አስገቡ፣ ግን ሽቦ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። አዲስ በሚገዛው ቴፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ፣ ቀዩ ከቁልፉ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከቦዲው ጋር ይገናኛል። ቢጫውና ቀዩ ከተቀያየሩ ቴፑ መኪናዋ በጠፋች ቁጥር የመረጣችሁትን ጣቢያ ይረሳል። ፊውዙን ዘሎ በቀጥታ ለሚያገናኝና መጋጠሚያውን በናስትሮ ሳይጠቀልል ለሚሄድ ሰው ካቻቢቴ አታቀብሉት። መኪና በሽቦ ይቃጠላል። የወለቀውንም ቴፕ አትጣሉት፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ስድስተኛ፣ ፍላሹ አልነበብ ካለ አትደናገጡ። አሮጌና ርካሽ ቴፖች የሚወዱት ፋት 32 በሚባለው መንገድ የተዘጋጀ ፍላሽና በኤም ፒ ስሪ የተቀዳ ዘፈን ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የኛን ፊደል አያውቁም። "ትዝታ" ብላችሁ የጻፋችሁትን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርገው ያሳዩዋችኋል። ዘፈኖቹን በቁጥር ሰይሟቸው፣ ተገላገሉ።

የመጨረሻው ለሕይወታችሁ ነው። ዘፈኑን ሳትነሱ ደርድሩት። እየነዳችሁ ስልክ አትነካኩ። ዘፈን መምረጥ ከጎን የተቀመጠው ሰው ሥራ ነው። ከጎናችሁ የተቀመጡት አባታችሁ ከሆኑ ደግሞ ምርጫውን ለእሳቸው ስጧቸው። ዝዋይ እስክትደርሱ ብዙ ታተርፋላችሁ።

መልካም መንገድ!